ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ማሳደግ፦ እናቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች

የ13 ዓመት ልጄ ኦቲዝም አለበት፤ የምመልሰው እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ እናት ነው፤ ዓመተ ምሕረቶቹም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦቲዝም ምንድን ነው? በሽታ ነው?

ኦቲዝም የአንጎል እድገት ከጅምሩ በተለየ መንገድ ሲሄድ የሚከሰት ሁኔታ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እንደ ጉንፋንም ጊዜውን ጠብቆ ለቆ አይሄድም። ሐኪሞች ኦቲዝም የሚሉት ሁለት ነገር በአንድነት ሲያዩ ነው። አንደኛው ከሰው ጋር መግባባትና መቀራረብ መክበዱ ነው። ሁለተኛው አንድን ድርጊት መደጋገም፣ ለውጥን አለመቻል፣ በአንድ ነገር ብቻ መመሰጥ፣ ድምፅ ወይም ብርሃን ወይም የጨርቅ ንክኪ ሌላውን ሰው ከሚሰማው እጅግ በዝቶ ወይም አንሶ መሰማቱ ነው።

ከልጅ ልጅ በጣም ይለያያል። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ራሱን ችሎ ይኖራል፤ ሌላው ዕድሜውን ሙሉ የሚያለብሰውና የሚያጥበው ሰው ያስፈልገዋል። "ስፔክትረም" የሚባለውም ለዚህ ነው። በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ፣ አስፐርገር ይባል የነበረውን ጨምሮ ቀድሞ በየስማቸው የሚጠሩትን በአንድ ስም ጠቅልሏቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንደነበረበት ይገምታል። ልጄ በተመረመረ ሰሞን በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ልጅ የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ያኔ እንዲህ ያለ ቁጥር የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ልጄ ላይ ምን ባይ ነው መጠርጠር ያለብኝ?

እኔን መጀመሪያ ያሳሰበኝ አለመናገሩ አልነበረም፤ ጣቱ ነበር። ሌሎች ሕፃናት ዓመት ከሞላቸው በኋላ አውሮፕላን ሲያልፍ ጣታቸውን ይቀስሩና ዞር ብለው እናታቸውን ያያሉ። "አየሽልኝ?" ማለታቸው ነው። ልጄ በ20 ወሩ ይህን አንድ ቀን እንኳ አድርጎ አያውቅም ነበር። ውሃ ሲጠማው የእጄን አንጓ ይዞ ይጎትተኛል፤ መዳፌን እንደ ዕቃ አንስቶ ብርጭቆው ላይ ያስቀምጠዋል። ፊቴን ግን ቀና ብሎ አያየኝም።

ሌሎችም ምልክቶች አሉ። ስሙ ሲጠራ አለመዞር፣ ዓይን ለዓይን አለመተያየት፣ በመጫወቻ መኪናው ከመጫወት ይልቅ ገልብጦ ጎማውን ብቻ ማሽከርከር፣ ዕቃ መደርደር፣ እጅን ማርገብገብ፣ በእግር ጣት መራመድ። አንዳንዶቹ ደግሞ ጥቂት ቃላት ተናግረው ሳለ ቃላቱ ይጠፋሉ፤ ይህ ብዙ ጊዜ በአንድ ዓመት ተኩል አካባቢ ነው የሚታየው። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ኦቲዝም ማለት አይደለም። ብዙ ሆነው አብረው ሲታዩ ግን ዝም አይባልም። አስቀድመሽ ጆሮውን አስመርምሪ፤ የማይሰማ ልጅም ሲጠሩት አይዞርም። ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ሕፃናት የተዘጋጀ፣ ወላጅ የሚመልሰው የ20 ጥያቄዎች መለያ ቅጽም አለ፤ የሕፃናት ሐኪምሽን ጠይቂው።

"ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው፤ ጠብቂ" ይሉኛል። ልጠብቅ?

አትጠብቂ። እኔ አንድ ሐኪም "አትጨነቂ፣ አባቱም ዘግይቶ ይሆናል የተናገረው" ስላለኝ 14 ወር ጠበቅሁ፤ ዛሬም የሚቆጨኝ ያ ነው። ቶሎ ድጋፍ ጀምሮ ኋላ ላይ ደህና ሆኖ የተገኘ ልጅ ምንም አይጎዳም። የምርመራው ወረፋ ረጅም ቢሆን እንኳ በቤት ውስጥ ዛሬውኑ መጀመር ትችያለሽ። ወለሉ ላይ ከፊቱ ቁጭ በይ፣ እሱ የሚያደርገውን አብረሽ አድርጊ፣ የሚያየውን ነገር ስሙን በአንድ በሁለት ቃል ጥሪለት።

ሴት ልጅ ያለሽም አደራ። ሴቶች ልጆች ሌሎቹን እያዩ ስለሚመስሉ ብዙ ጊዜ "ዓይን አፋር ናት" ተብለው ይታለፋሉ።

ጥፋቱ የእኔ ነው? በእርግዝናዬ ምን አጥፍቼ ነው?

ይህን ጥያቄ ያልጠየቀች እናት አላጋጠመችኝም። እኔም ዘጠኙን ወር በቀን በቀን እየቆጠርኩ የበላሁትን፣ ያነሳሁትን ሸክም፣ የተቆጣሁበትን ቀን ሁሉ መርምሬያለሁ። ጥፋት አላገኘሁም፤ አንቺም አታገኚም።

ይህ የበደለኝነት ስሜት ግን ከእኛ ብቻ የመጣ አይደለም። በ1943 ሊዮ ካነር የተባለ የሕፃናት የሥነ አእምሮ ሐኪም በአሜሪካ 11 ልጆችን መርምሮ ኦቲዝምን በጽሑፍ ሲገልጽ፣ የወላጆቻቸውን ቅዝቃዜ ጭምር ጠቅሶ ነበር። ከእሱ በኋላ ብሩኖ ቤተልሃይም የተባለ ሰው ልጆቹን እንዲህ ያደረጋቸው የእናቶቻቸው ፍቅር ማጣት ነው እያለ በ1960ዎቹ ሲያስተምር ብዙዎች አመኑት። ስንት እናት በዚያ ንግግር አንገቷን ደፍታ እንደኖረች ሳስብ ልቤ ይደማል። ነገሩን ፊት ለፊት ከተቃወሙት አንዱ በርናርድ ሪምላንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር፤ ኦቲዝም ያለበት ልጅም አባት ነበር። መነሻው ሥነ ሕይወታዊ እንደሆነ በ1964 ጽፎ አሳየ።

ዛሬ በመንታ ልጆችና በወንድማማቾች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ትልቁን ድርሻ የሚይዘው በዘር የሚወረስ ነገር እንደሆነ ያሳያሉ። አንድ ዘረመል ብቻ ሳይሆን በመቶዎች የሚቆጠሩ አሉ። የወላጆች ዕድሜ መግፋትና ያለ ጊዜ መወለድ ዕድሉን በመጠኑ ይጨምሩታል። በእርግዝና ወቅት የሚወሰድ ቫልፕሮዬት የሚባል የሚጥል በሽታ መድኃኒትም እንዲሁ፤ ይህን የምትወስድ ሴት ግን በራሷ ፈቃድ አታቁም፣ ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታማክር። ጭንቀትሽ፣ ሥራ መሄድሽ፣ ጡት ቶሎ ማስጣልሽ አላመጡትም። እርግማንም አይደለም።

ክትባት ነው ያመጣው?

አይደለም። ወሬው የተነሳው በ1998 አንድሪው ዌክፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ12 ልጆች ላይ ብቻ ተመሥርቶ የኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር አያይዞ ባወጣው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ በ2010 ተሰርዟል፤ ሰውዬውም በዚያው ዓመት የሕክምና ፈቃዱን ተነጥቋል። በዴንማርክ ከ650,000 በላይ ሕፃናትን ተከታትሎ በ2019 የወጣው ጥናት የኩፍኝ ክትባት በወሰዱትና ባልወሰዱት መካከል በኦቲዝም ረገድ ልዩነት አላገኘም። ምልክቶቹ የሚገለጡበት ዕድሜና የክትባቱ ዕድሜ ስለሚገጣጠሙ ነው የሚያሳስተው። ሁለተኛ ልጅሽን አስከትቢ።

ይድናል? መድኃኒት አለው?

ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። ያለው ልጁ እንዲግባባ፣ ራሱን እንዲረዳ፣ እንዲረጋጋ የሚያግዝ ድጋፍ ነው፦ የንግግር ሕክምና፣ የዕለት ተዕለት ክህሎት ሥልጠና፣ የባህሪ ሕክምና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወላጅ ራሷ ሠልጥና ቤት ውስጥ የምትሠራው። ሪስፔሪዶን እና አሪፒፕራዞል የሚባሉ መድኃኒቶች በአሜሪካ ተፈቅደዋል፤ በኦቲዝም ረገድ የተፈቀዱት ግን ብርቱ ቁጣንና ራስን መጉዳትን ለማስታገስ ብቻ ነው። ክብደት ይጨምራሉ፣ ክትትልም ይፈልጋሉ። የሚጥል በሽታም ከኦቲዝም ጋር አብሮ ሊኖር ስለሚችል ልጅሽ ድንገት ፍዝዝ ብሎ የሚቀር ከሆነ ለሐኪም ንገሪ።

የባህሪ ሕክምና ሲባል ሁሉም አንድ አይደለም። አንዲት ባለሙያ "እየኝ" እያለች አገጩን ይዛ ስታቃና አይቼ ልጄን ይዤ ወጥቻለሁ። ዓይን ማየት ያመዋል፤ ጎንበስ ብሎ ግን በደንብ ያዳምጣል። ልጁ እያለቀሰ የሚሄድበት ሕክምና ሕክምና አይደለም ብዬ አምናለሁ።

"ሙሉ በሙሉ እናድናለን" ከሚል ሰው ራቂ። ከሰውነት ብረት እናወጣለን የሚሉበት በመርፌ የሚሰጥ ኬሌሽን በ2005 በአሜሪካ የአንድ ሕፃን ሕይወት አጥፍቷል። "ተአምራዊ ማዕድን" እየተባለ የሚሸጠው ፈሳሽ ደግሞ የጽዳት በረኪና ዓይነት ኬሚካል ነው፤ አንጀት ያቃጥላል። ተስፋ የቆረጠች እናት ምንም ትሞክራለች። ይህን ስለሚያውቁ ነው ወደ እኛ የሚመጡት።

ልጄ ይናገር ይሆን?

ብዙዎቹ ይናገራሉ፤ አንዳንዶቹ በጣም ዘግይተው ነው። ኦቲዝም ያለባት አሜሪካዊቷ ቴምፕል ግራንዲን እስከ ሦስት ዓመት ተኩሏ ድረስ ቃል አልነበራትም፤ በኋላ የእንስሳት ሳይንስ ፕሮፌሰር ሆናለች። ከአራት አንድ የሚሆኑት ግን ካደጉ በኋላም በጣም ጥቂት ቃላት ብቻ ይኖራቸዋል፣ ወይም ጨርሶ አይናገሩም። ልጄ ከእነዚህ ነው።

"መቼ ይናገራል?" እያልኩ አራት ዓመት ስጠብቅ እሱ በሙሉ አካሉ እየተናገረኝ ነበር። እጄን ብርጭቆ ላይ ማስቀመጡ ንግግር ነበር። በር ላይ ጫማዬን አምጥቶ መጣሉ ንግግር ነበር። ይህ የገባኝ በሥዕል ካርድ መግባባት ስንጀምር ነው። የብርጭቆ ፎቶ አንስቼ ግጥግጥ በሚል ጨርቅ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩት፤ ካርዱን ነቅሎ በሰጠኝ ቁጥር ወዲያው ውሃ እሰጠዋለሁ። በ11ኛው ቀን ሌሊት ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ጩኸት አልነበረም። አልጋዬ አጠገብ ቆሞ ካርዱን ጉንጬ ላይ እየነካካ ነበር። ተነስቼ ውሃውን እየቀዳሁ አለቀስኩ፤ እሱ ጠጥቶ ተመልሶ ተኛ።

"ሥዕል ከለመደ መናገር ይተዋል" የሚሉሽን አትስሚ። ጥናቶች የሚያሳዩት በሥዕል ወይም በታብሌት መግባባት ንግግርን እንደማያዘገይ፣ አንዳንድ ጊዜ እንዲያውም እንደሚረዳ ነው። ከቴሌቪዥን የሰማውን ዐረፍተ ነገር የሚደጋግም ልጅ ካለሽም ዝም አታሰኚው። ብዙ ጊዜ በተውሶ ቃል አንድ ነገር ሊነግርሽ እየሞከረ ነው፤ መቼ መቼ እንደሚለው ልብ በይ።

ሰው መሃል ሲጮህና መሬት ላይ ሲወድቅ ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ እልህ ነው ወይስ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ነው የሚለውን ለዪ። እልኸኛ ልጅ እየጮኸ በጎን ያይሻል፤ የፈለገውን ሲያገኝ ያቆማል። ከአቅሙ በላይ የሆነበት ልጅ የፈለገውን ብትሰጪውም አያቆምም፤ ማንም ቢያየው ባያየው ግድ የለውም። እሱን መቅጣት በትኩሳት የሚንቀጠቀጥን ልጅ "አትንቀጥቀጥ" ብሎ እንደመቅጣት ነው።

ልጄ ስድስት ዓመቱ ሳለ ወረፋ ይዘን ቆመን ድንገት ወለሉ ላይ ወድቆ ራሱን ከመሬት ጋር ያጋጭ ጀመር። ከኋላችን ያለች ሴት "አንድ ጥፊ ነው የሚያስፈልገው" አለች። እጄን ከጭንቅላቱ ሥር አድርጌ እኔም ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ መዳፌ ለሳምንት አብጦ ነበር። ምን እንደነካው የገባኝ ማታ ቀኑን ወደኋላ ሳስበው ነው። ወረፋ ከመያዛችን በፊት መጸዳጃ ቤት ገብተን ነበር፤ እዚያ ያለው የእጅ ማድረቂያ ሲያጓራ ጆሮዎቹን በሁለት እጁ ደፍኖ ከግድግዳ ጋር ተጣበቀ። በላዩ የመብራቱ ብልጭታ፣ በላዩ የአዲሱ ሸሚዝ ኮሌታ ላይ ያለችው የምትኮሰኩስ ምልክት። ወረፋው ላይ የሆነው ጽዋው ሞልቶ ሲፈስ ነው። ከዚያ ወዲህ የልብሱን ምልክት ሁሉ በመቀስ እቆርጣለሁ፣ ጆሮ መከላከያው ከቦርሳዬ አይጠፋም፣ የት እንደምንሄድና መቼ እንደምንመለስ በሥዕል አሳየዋለሁ።

ከጀመረ በኋላ ግን አታስተምሪው፣ አትጠይቂው፣ አትለምኚው፤ ያኔ ቃል ሁሉ ተጨማሪ ጩኸት ነው። ስለታም ነገር አርቂ፣ ከሕዝቡና ከብርሃኑ ገለል አድርጊው፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ጠብቂ። ጠበቅ ተደርጎ መታቀፍ የሚያረጋጋው አለ፤ ሲነኩት የሚብስበትም አለ። የሚያዩሽን ሰዎች ተያቸው። ማብራራት ካለብሽ "ኦቲዝም አለበት፣ ቦታ ስጡን" ይበቃል።

ሌሊት አይተኛም። እኔም አልቆልኛል።

የእንቅልፍ ችግር ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ዘንድ እጅግ የተለመደ ነው። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቅደም ተከተል አስተኚው፤ ከመኝታ በፊት ስልክና ቴሌቪዥን ይጥፋ። እኛን የረዳን ከበድ ያለ ብርድ ልብስና ጨለማ ክፍል ነበር። ሜላቶኒን ብዙዎችን ይጠቅማል፤ መጠኑን ግን ሐኪም ይወስን። ሆድ ድርቀት ወይም የጥርስ ሕመምም ሊሆን ስለሚችል አስመርምሪው፤ "አመመኝ" ማለት የማይችል ልጅ የሚያመውን በሌሊት ነው የሚያሳይሽ።

ዘወር ስል ከቤት ወጥቶ ይጠፋብኛል።

ይህን እንደ ቀላል አትዪው። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ብዙዎቹ ይኮበልላሉ፤ ውሃ ደግሞ ይስባቸዋል። ከሚጠፉት መካከል ለሞት የሚዳርጋቸው ዋናው ነገር መስጠም ነው። የበሩን መቀርቀሪያ ከቁመቱ በላይ አድርጊ፣ ስልክ ቁጥርሽን ልብሱ ላይ ጻፊ፣ ለጎረቤቶችሽ ፎቶውን አሳይተሽ ንገሪያቸው፣ ዋና አስተምሪው። ከጠፋ መጀመሪያ የምትሮጪው በአቅራቢያሽ ወዳለ ውሃ ይሁን።

ትምህርት ቤት አንቀበልም ቢሉኝስ?

በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 24 ማንም ልጅ በአካል ጉዳት ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለል ይደነግጋል፤ አብዛኞቹ አገሮችም ፈርመዋል። ወረቀቱ ብቻውን ግን በር አይከፍትም። እኔን አንድ ትምህርት ቤት "ሌሎቹን ይረብሻል" ብሎ ከግቢው በር መልሶኛል። የተቀበለን ትምህርት ቤት የሄድኩት በሌላ መንገድ ነው፦ ስለ ልጄ አንድ ገጽ ጽፌ። ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ ሲጨንቀው ምን እንደሚያሳይ፣ ምን እንደሚያረጋጋው። መምህሯ ያንን ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ ለጥፋው ነበር። እንዲህ ያለች አንዲት መምህርት ከሚያምር ሕንጻ ትበልጣለች።

ሌላ ልጅ ብወልድስ?

አንድ ልጅ ኦቲዝም ካለበት ቀጣዩም ልጅ ኦቲዝም የሚኖርበት ዕድል ከአምስት አንድ ያህል ነው። ይህ የእናትና አባት ውሳኔ ነው፤ የአማትም የጎረቤትም አይደለም። "ወንድሙን እንዲጠብቅ" ተብሎ ግን ልጅ አይወለድ። ያሉሽ ልጆችም የራሳቸው ሰዓት ያስፈልጋቸዋል። ትልቋ ልጄ በዘጠኝ ዓመቷ "እማዬ፣ እኔንም ኦቲዝም ቢይዘኝ ታቅፊኝ ነበር?" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት የእሷና የእኔ ብቻ ነው።

አንዳንድ ቀን ልጄን ማየት ያስጠላኛል። ክፉ እናት ነኝ?

አይደለሽም። ይህን የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ በሹክሹክታ ነው። ለዓመታት ሳይተኛ የኖረ ሰው የሚሰማው ነው፤ የምትጠዪውም ልጅሽን ሳይሆን ድካሙን ነው። ያላገኘሽውን፣ በሐሳብሽ ያሳደግሽውን ሌላ ልጅ ማልቀስም ይፈቀድልሻል። እኔ አልቅሻለሁ፤ ያለውን ልጄን በደንብ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ነገር ግን እጅሽን ልታነሺበት ስትይ፣ ወይም "ሁለታችንም ባንኖር" የሚል ሐሳብ ሲመጣብሽ ለብቻሽ አትያዢው። ልጁን ጉዳት የማያገኘው ቦታ አስቀምጠሽ ለአምስት ደቂቃ ከክፍሉ ውጪ፤ የምታምኚውን ሰው በዚያው ሰዓት ጥሪ፤ ሐኪምም አናግሪ። አባቱም ድርሻ አለው። "እናት ናት የምትችለው" የሚባለውን እኔ ስድስት ዓመት አምኜበት ታምሜያለሁ።

ልጄ እየጎረመሰ ነው። ስለ ሰውነቱ እንዴት ላስረዳው?

ሳይጎረምስ ጀምሪ። ልብስ የሚወልቀው የት ብቻ እንደሆነ፣ ማን ሊነካው እንደሚችልና ማን እንደማይችል በሥዕል አሳዪው። የአካል ክፍሎችን በስማቸው ጥሪ። ሴት ልጅ ካለሽ የወር አበባዋ ከመጀመሩ ወራት በፊት ሞዴሱን አለማምጃት። "እሺ" ብቻ ያስተማርነው ልጅ ለክፉ ሰው የተመቸ ነው። ስለዚህ "እምቢ" የሚል ካርድ ይኑረው፤ ሲያሳይሽ ደግሞ አንቺም አክብሪለት።

እኔ ስሞት ማን ይይዘዋል?

ለዚህ ሙሉ መልስ የለኝም፤ የጀመርኩትን ልንገርሽ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ራሱ የሚሠራው ነገር ለኋላ ስንቅ ነው ብዬ ስለማምን ካልሲ ማድረግን ብቻ ለስምንት ወር አስተምሬዋለሁ። አሁን ራሱ ይታጠባል፣ ልብስ ያጥፋል፣ ጠረጴዛ ይጠርጋል። ሁለተኛ፣ ከእኔ ሌላ ሦስት ሰዎች አብረውት እንዲያድሩ አድርጌ አለማምጄዋለሁ፤ አንድ ሰው ላይ ብቻ ማንጠልጠል አደጋ ነው። ሦስተኛ፣ ሞግዚትነትና ውርስ በሕግ ፊት እንዲጻፍ ጠበቃ አማክረናል።

አራተኛው ደብተር ነው። እኔ ብቻ የማውቀውን ሁሉ እጽፍበታለሁ፤ አሁን 40 ገጽ ደርሷል። ትናንት ማታ የጻፍኩት ይህ ነው፦ "ፀጉሩን ስትቆርጡት መጀመሪያ መቀሱን ስጡት፣ በእጁ ያገላብጠው። ከግራ ጆሮው በኩል ጀምሩ፤ በቀኝ በኩል ሲሆን ይደነግጣል። ሲያልቅ መስተዋት አሳዩት፤ ራሱን ሲያይ ይስቃል።"